ሽማግሌውም ይሂድ፣ ክሱም ይከፈት

የዚህ ሳምንት ጠያቂያችን ከአዲስ አበባ ነው የጻፈችልን። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥረን አቅርበነዋል።

«ጤና ይስጥልኝ። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አራት ዓመት በካሸርነት ሠርቻለሁ። ደሞዜ በወር 9,000 ብር ነው። ስቀጠር አጎቴ ዋስ ሆኖልኛል። ባለቤቱም የአጎቴ የአገሩ ልጅ ነው። በመጋቢት ሒሳብ ጎደለ ተብሎ ምንም ሳልፈርም ከደሞዜ 4,000 ብር ተቆረጠብኝ። ለሰላም ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ግን በዓል ቀን የሠራሁበት እንዲከፈለኝ ጠየቅሁ፤ በተለይ ሚያዝያ 23ን። ሚያዝያ 27 ማታ ሒሳብ ስዘጋ ባለቤቱ ሁሉም ሠራተኛ ባለበት "ሕግ አዋቂ ከሆንሽ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ" አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ስሄድ ጥበቃው አላስገባም አለኝ። የስንብት ደብዳቤ አልሰጡኝም። አሁን "ራሷ ናት ሥራ ትታ የጠፋችው" እያለ ያወራል። አጎቴ "ክስ የሚባል ነገር እንዳትሞክሪ፣ ሽማግሌ ልከናል" ይላል። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሄደው "እናስብበታለን" ተብለው ተመለሱ። ባለፈው ሳምንት መልስ መጣ፦ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብዬ ከጻፍኩ የአንድ ወር ደሞዝና የሥራ ልምድ ይሰጠኛል፤ እምቢ ካልኩ ጉድለቱን ለፖሊስ ያመለክታል። ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እነሱም የሥራ ልምድ አምጪ እያሉኝ ነው። ልፈርም? አዲሱን ሥራ ብጀምርስ መብቴ ይቀራል? ይኸው ሰኔ አለቀ።»

እህቴ፣ አትፈርሚ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን፣ ይሄ ግን ዛሬውኑ መታወቅ ስላለበት አስቀደምኩት።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ ፖሊስ የሚለው ማስፈራሪያ አልነበረም። «ሰኔ አለቀ» የሚለው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 163 መሠረት፣ ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ የሚከሰው ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው። ያንቺ ሐምሌ 27 ገደማ ያልቃል። ካሳና ሌሎች ከስንብት ጋር የተያያዙ ክፍያዎችን ለመጠየቅ 6 ወር አለሽ። ያልተከፈለ ደሞዝ፣ የበዓል ክፍያና የትርፍ ሰዓት ደግሞ እያንዳንዱ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ብቻ ነው የሚቆየው። የታኅሣሡን ገና ሠርተሽ ከነበረ፣ ይህ ዓምድ እጅሽ ሲገባ ጊዜው አልፎበት ይሆናል። የጥምቀቱ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይቆያል። አድዋ፣ ፋሲካና ሚያዝያ 23 ገና ጊዜ አላቸው። በነገራችን ላይ ሚያዝያ 27 ራሱ የአርበኞች ድል ቀን ነው። ሰውየው ስለ በዓል ክፍያ ጠየቅሽ ብሎ ያባረረሽም በበዓል ቀን እያሠራሽ ነው። እሱንም ጨምሪበት።

ሽማግሌ መላክ ጥሩ ነገር ነው። የኔ ችግር ሽማግሌ ሲመላለስ የሕጉ ቀን የማይቆም መሆኑ ነው። በዚህ ዓምድ በተደጋጋሚ የምናየው ነገር ነው፦ ቤተሰብ ያስታርቃል፣ አሠሪው «እናስብበታለን» ይላል፣ በዓል ይመጣል፣ ክረምት ይገባል፣ ከዚያ ሠራተኛው ፍርድ ቤት ሲሄድ መልሱ «በይርጋ ታግዷል»፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ይሆናል። አንዳንዱ አሠሪ ይህን አያውቅም። አንዳንዱ ደግሞ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሽማግሌውን በቡና የሚያስተናግደውም ለዚህ ነው። ያንቺኛው የትኛው እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም።

ይርጋውን የሚያቋርጡ ነገሮች አሉ። ዋናው ክስ መመሥረት ነው። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አቤቱታ ማቅረብም ይቆጠራል። አሠሪው «አዎ፣ ይህ ክፍያ አለብኝ» ብሎ በጽሑፍ ቢያምንም እንዲሁ። ስለዚህ አጎትሽን እንዲህ በይው፦ ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ ከሰውየው የተፈረመበት ወረቀት ይዘው ይምጡ። ወረቀት ካልሰጠ ግን በቃሉ ተስፋ አድርገሽ ሐምሌን እንዳታሳልፊ። ክሱ ከተከፈተ በኋላም መታረቅ ይቻላል። ስምምነቱን ጽፋችሁ ለችሎቱ ብታቀርቡት ፍርድ ቤቱ አጽድቆ ይመዘግበዋል፤ ካልከፈለም እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ሽምግልናው ያኔ ነው ጥርስ የሚኖረው።

አሁን ወደ መልቀቂያው እንምጣ። ለምን ያን ያህል ፈለገው? ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስወጣሽ ሰው ሁለት ወር ቆይቶ ወረቀት የሚለምነው፣ ወረቀቱ ለሱ ስለሚጠቅም ነው። በፈቃድሽ እንደለቀቅሽ ከጻፍሽ፣ ያለአግባብ ለተሰናበተ ሠራተኛ የተቀመጠው ካሳ የለም ማለት ነው። ሒሳቡን በግርድፉ እናስላው። የወር ደሞዝሽን ለ30 ብናካፍለው በቀን 300 ብር ይሆናል።

ስንብቱ ሕገወጥ ነው ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለስሽ፣ አንቀጽ 43 የቀን ደሞዝሽን 180 እጥፍ ካሳ ይሰጣል፤ 54,000 ብር። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ ሰው የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ስለሆነ የዚያ ክፍያ 18,000 ብር ነው። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ የሚሄድ ነው፤ ላንቺ አራት ዓመት 18,000 ብር ይመጣል። ድምሩ 90,000 ብር። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ በገንዘብ ይታሰብልሻል። የበዓሉና የተቆረጠው 4,000 ብር ገና አልገቡበትም። በተጨማሪም አሠሪ ሠራተኛው በለቀቀ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ የሚገባውን ካልከፈለ፣ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደሞዝ የሚደርስ ቅጣት ሊያስከፍለው ይችላል።

እሱ የሚሰጥሽ 9,000 ነው።

ይህን ሁሉ እጅሽ እንደገባ አድርገሽ አትቁጠሪው። የመጨረሻውን ቁጥር የሚወስነው ዳኛው ነው፣ ይግባኝም አለ። ብቻ የምትፈርሚው ወረቀት ስንት ብር እንደሚያስጥልሽ አውቀሽ ይሁን። ምናልባት ይህ ዓምድ ሳይደርስሽ ፈርመሽ ከሆነም ተስፋ አትቁረጪ። አንቀጽ 25 ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ውሉን ሲያቋርጡ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት ትቻለሁ ቢል እንኳ ያ መተው ውጤት የለውም ይላል። ነገር ግን «ተገድጄ ነው የፈረምኩት» ብሎ መከራከር ካለመፈረም በጣም ይከብዳል።

የሥራ ልምዱን በተመለከተ ሰውየው የሚሸጥልሽ የራስሽን ዕቃ ነው። የሥራ ውል ሲቋረጥ የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደሞዝ የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ያለ ክፍያ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ። ክስሽ ላይ ይህንንም እንደ አንድ ጥያቄ አካቺው። ለአዲሱ አሠሪሽ እስከዚያው የደሞዝሽን የባንክ ስቴትመንትና የጡረታ መዋጮሽን የሚያሳይ ማስረጃ አቅርቢላቸው። ብዙዎቹ ለጊዜው ይቀበላሉ።

«ራሷ ናት የጠፋችው» የሚለው መከላከያ የቆየ ነው። ማንኛውም የሥራ ክርክር የሚያይ ዳኛ ደጋግሞ ሰምቶታል። ሕጉ መቅረትን ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በቂ ምክንያት የሚያደርገው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት ስትቀሪና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስትሰጪ ነው። ሲያሰናብትም ምክንያቱንና ቀኑን ጠቅሶ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሰውየው ጻፈልሽ? አልጻፈም። እንደዚያም ሆኖ፣ ጥበቃው እንደመለሰሽና ባለቤቱ በሰው ፊት እንዳባረረሽ ማስረዳት የሚኖርብሽ አንቺ ነሽ። ነገ ሳትዪ አንድ ደብዳቤ ጻፊ። አታስረዝሚው፤ ስድብና ቅሬታም አታብዢበት፦

«ሚያዝያ 27 ቀን ማታ ከሥራ እንደተሰናበትኩ በቃል ተነግሮኛል። ሚያዝያ 28 ቀን ለሥራ ስመጣ በጥበቃ ተከልክያለሁ። ሥራዬን አልተውኩም፣ ለመሥራትም ዝግጁ ነኝ። ወደ ሥራ እንድመለስ ወይም የተሰናበትኩበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ እንዲሁም የሥራ ልምድ ማስረጃና ያልተከፈለኝ ክፍያ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ይፈርሙ። እምቢ ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኪውና ደረሰኙን አስቀምጪ። በርግጥ ሁለት ወር ዘግይቷል፣ ግን ከምንም ይሻላል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ደብዳቤው ደርሶት በጽሑፍ «ነይና ሥራሽን ጀምሪ» ቢልሽ ዝም ብለሽ እንዳትቀሪ። ያኔ ከቀረሽ የሱን ወሬ እውነት ታደርጊለታለሽ። እንዲህ ያለ መልስ ከመጣ መጀመሪያ የሕግ ሰው አማክሪና በጽሑፍ መልሺ።

ምስክር ያስፈልግሻል። አሁን እዚያ እየሠራ ያለ ሰው እንጀራውን ፈርቶ ይሆናል፣ አትፍረጂበት። ያን ማታ የነበረና አሁን የለቀቀ አስተናጋጅ ወይም ወጥ ቤት ካለ እሱን ፈልጊ። የፈራውንም ፍርድ ቤቱ በመጥሪያ እንዲያስቀርብልሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ሰው በመጥሪያ ሲመጣ «ተገድጄ ነው» የሚልበት ስለሚያገኝ ይቀለዋል። የቴሌግራም መልእክቶችን አታጥፊ፤ የሺፍት ፕሮግራም በግሩፑ የሚለጠፍ ከነበረ በዓል ቀን መሥራትሽን ያሳይልሻል። የሰዓት መፈረሚያውና የደሞዝ መክፈያው በእነሱ እጅ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ አመልክቺ። ከምግብ ቤቱ ሰነድ በድብቅ ለማውጣት ግን እንዳትሞክሪ። ስለ ጉድለት እያወራ ላለ ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውም ያውቃሉ እኮ። «ልጅቱን መልሳት» ብለው ነው የሄዱት። ሥራ ትታ ለጠፋች ልጅ ሽማግሌ «መልሳት» ብሎ አይሄድም። ፍርድ ቤት ቆመው ይናገራሉ ወይ? እንጃ፤ አስታራቂ ሰው ምስክር መሆን አይወድም። ቢሆንም ጠይቂ።

ስለ አጎትሽ ትንሽ ልበል፤ ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፍሽው ነገር ዋናው ይመስለኛል። አጎትሽ ዋስ ነው። «ክስ እንዳትሞክሪ» የሚለው ስለ አገር ልጅነት ብቻ ላይሆን ይችላል። ጉድለቱ ዞሮ እሱ ላይ እንዳይመጣ ፈርቶ ይሆናል፣ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ቁጭ ብላችሁ የዋስትና ወረቀቱን አንብቡት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ የዋስትና ውሉ አይጸናም። «ለሚያጠፋው ሁሉ ተጠያቂ ነኝ» የሚል፣ ቁጥር የሌለው ወረቀት ከሆነ አጎትሽ ብዙ የሚያስፈራው ነገር የለም። ቁጥር ካለውም፣ መጀመሪያ ጉድለት መኖሩና አንቺ ተጠያቂ መሆንሽ መረጋገጥ አለበት። ይህን ሲረዳ ምናልባት ከጎንሽ ይቆም ይሆናል። ደፍሮ ባይናገረውም አንቺ አንሺለት።

ጉድለቱን በተመለከተ፣ አሠሪ ከደሞዝ እንዲሁ ተነስቶ አይቆርጥም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው የሚቆረጠው። ሲቆረጥም ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ካንቺ 3,000 ብር ማለት ነው፤ እሱ ግን በአንድ ወር 4,000 ወስዷል። ሌላም ጥያቄ አለኝ። ሣጥኑን አንቺ ብቻ ነበርሽ የምትይዢው? በምሳ ሰዓት ማን ይተካሽ ነበር? ባለቤቱ ራሱ ለገበያ እያለ ከሣጥን ያወጣ ነበር? እንዲህ ያሉትን ነገሮች ሳትረሺ አሁን ጻፊያቸው። የፖሊሱ ነገር ማስፈራሪያ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እምነት ማጉደል የሚባል ወንጀል መኖሩን ግን አትርሺ። ስለዚህ በቀልድም ቢሆን «ይህን ያህል ጎድሎብኛል» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። ፖሊስ ከጠራሽ ሂጂ፣ ግን ብቻሽን አትሂጂ።

ታዲያ ወደ ሥራ ልመለስ ትበይ ወይስ ካሳ? ሕጉ በዚህ ጉዳይ ያግዝሻል። ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ማሰናበት በአንቀጽ 26 በግልጽ ከተከለከሉት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በዚህ ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። ቢመለስ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር የሚደርስ ውዝፍ ደሞዝ ሊወሰንለት ይችላል። የኔን አስተያየት ከጠየቅሽኝ ግን ካሳውን እመርጣለሁ። ትልቅ ድርጅት ቢሆን፣ ሠራተኛ ማኅበር ቢኖረው፣ ሌላ ቅርንጫፍ ቢኖረው ተመለሺ እል ነበር። እዚህ ግን ባለቤቱ ከካውንተርሽ አጠገብ ወንበር ስቦ የሚውልበት ቤት ነው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተመልሰሽ በማግስቱ ሌላ ጉድለት ቢገኝብሽ አይደንቀኝም። እንዲያም ሆኖ ክሱ በ3 ወሩ ውስጥ ይግባ፣ ሁለቱንም በአማራጭ ጠይቂ። መመለሱን የሚጠይቅ በር ክፍት ሲሆን ሰውየውም ለመስማማት ይፈጥናል።

ክሱ የሚቀርበው አዲስ አበባ ላይ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ «ለክስ የሚሆን ገንዘብ የለኝም» እያለ ቤቱ ይቀመጣል። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል። በተግባር ቀጠሮ ይረዝማል። ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ፍርድ ቤቶች በከፊል ዝግ ስለሚሆኑ፣ ሐምሌ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ብታስገቢ ይሻላል።

ጠበቃ ግዴታ አይደለም። አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉትን የምትጠቀሚ ከሆነ ጽሑፉን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም። ካሳ ብቻ ተጽፎ የማስጠንቀቂያው ወይም የዓመት ፈቃዱ ከቀረ፣ ቀረ ነው። የላይኛውን ሒሳብ ይዘሽ ሂጂና አንድ በአንድ አስጽፊ።

አንድ የምጠብቀው ክርክር አለ። «ዋና ካሸር» የሚል መጠሪያ ከነበረሽ፣ የሰውየው ጠበቃ «የሥራ መሪ ናት፣ አዋጁ አይመለከታትም» ሊል ይችላል። የሥራ መሪ ማለት ግን ፖሊሲ የሚያወጣ፣ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ የሚያሰናብት፣ የሚመድብ ሰው ነው። አንቺ ሒሳብ ትቀበያለሽ፣ ደረሰኝ ትቆርጫለሽ። መጠሪያው ሳይሆን ሥራው ነው የሚታየው።

አዲሱን ሥራ ጀምሪ። ካሳ ለመጠየቅ ሥራ ፈተሽ መቀመጥ የለብሽም፤ 180 ቀኑን ሕጉ ራሱ ያስቀመጠው እንጂ ስንት ወር ቤትሽ እንደዋልሽ ተቆጥሮ የሚመጣ አይደለም። ከጀመርሽ በኋላ «ልመለስ» በሚለው ጥያቄ መግፋትሽ ትርጉሙ ስለሚቀንስ፣ ያኔ በካሳው ላይ ብቻ እንደምትጸኚ ለችሎቱ ታስታውቂያለሽ። የቀጠሮ ቀን ፈቃድ እንደሚያስፈልግሽ ግን ለአዲሱ አለቃሽ ከወዲሁ ንገሪው፤ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ራስሽ መቅረብ አለብሽ፣ ከሳሽ ከቀረ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል።